ራሔል የሠራችው ጥሩምባ

የራሔልን መርዶ የነገሩኝ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ጭጋጉ ገና ከጫካው ላይ ሳይነሳ በሬን አንኳኩተው ገቡ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኃይሌ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው “እትዬ አየለች፣ እስቲ ይቀመጡ” አሉኝ። በገዛ ቤቴ ተቀመጪ የሚለኝ ሰው አልወድም። ያን ቀን ግን ተቀመጥኩ።

ነገሩን ቀድሜ አውቄ ነበር። እነሱ ከመምጣታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ የጎረቤቴ ስልክ በግድግዳው በኩል ሲጮህ ሰማሁ። ቀጥሎ ከታች ያለው ቤት ጮኸ፤ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ። ሰፈሩ በሙሉ ሲጮህ የእኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። በእኛ እድር የሰው ሁሉ ስልክ ጮኾ የአንዱ ዝም ካለ ሐዘኑ የዚያ ሰው ነው። ልጆቼን አንድ በአንድ በልቤ ጠራሁ፤ ከዚያ የልጅ ልጆቼን። ራሔልን አልጠራሁም። ለሕክምና ጅማ ከሄደች ጀምሮ በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር፤ የዚያን ዕለት ዋዜማም “ደህና ነኝ እማማ፣ የሆስፒታሉ ሾርባ ብቻ ነው የሚገድለኝ” ብላ አስቃኛለች።

ራሔል ልጄ አይደለችም። ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር እንድታስተምር ቦንጋ የተመደበች፣ ግቢዬ ካለችው ሰርቪስ ቤት የተከራየች ሴት ናት። ያን ጠዋት ስልኬን ዝም ያሰኘችውም እሷ ናት። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

መጀመሪያ ስትመጣ አልወደድኳትም። በዝናብ ነው የመጣችው፤ የእኛን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። የወንድ ጃኬት ለብሳለች፤ ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ኮምፒውተሯን ግን በላስቲክ ጠቅልላ ጃኬቷ ውስጥ አቅፋዋለች፤ አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ኪራዩን ሳትጠይቅ፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳታይ፣ “መብራት መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?” አለችኝ።

“ሲፈልግ” አልኳት።

“እንግዲያው እንስማማለን” አለች፤ ገባች።

በሳምንቱ ሻይ ልሰጣት ብገባ የነጣው ግድግዳዬ ባለቀለም ወረቀት ተለጣጥፎበታል። ጮኽኩባት። “ከግራ ያሉት ገና ያልጀመርኳቸው ሥራዎች ናቸው፣ የመሃሎቹ የያዝኳቸው፣ የቀኞቹ ያለቁት” ብላ ታስረዳኝ ጀመር። በቀኝ በኩል ወረቀት አልነበረም።

“ምንም አልጨረስሽማ” አልኳት።

“ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ሌላ ሰው ግን አልሞከረውም። ሰው ያልሞከረው ነገር አለቀ አይባልም።”

ይህን አባባሏን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አስተማሪ ናት፣ ግን የምትጠይቀው ከምታስተምረው ይበልጥ ነበር። ስታስብ ኮረሪማ ትከካለች፤ ፍሬውን በጥርሷ እየሰበረች በጣቷ ጉልበቷን ትመታለች። ግቢው ኮረሪማ ኮረሪማ ሲሸት ሥራ እንደከበዳት አውቃለሁ።

ወደ እድራችን ነገር የገባችው በእኔ ጠብ ምክንያት ነው። በእኛ እድር ሰው ሲሞት ጋሽ ገብሬ ኮረብታው ላይ ወጥተው ጥሩምባ ይነፋሉ። ሰምቶ ለቀብር ያልመጣ ይቀጣል። ቦንጋ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ከኮረብታው ጀርባ ያለ ሰው አይሰማም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ጥሩምባ ይቅርና ባል ሚስቱን አይሰማም። አንድ ክረምት እኔም አልሰማሁም፤ ቀሪ ተብዬ ተቀጣሁ። ስብሰባ ላይ ተነሣሁ።

“ያልሰማ ሰው አልመጣህም ተብሎ ይቀጣል?”

ጋሽ ኃይሌ ደንቡን ገለጡ። “ጥሩምባ ከተነፋ ሁሉም እንደሰማ ይቆጠራል ይላል፣ እትዬ አየለች።”

“ደንቡ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አይኖርማ።”

ከኋላ ሰው ሳቀ። ራሔል ነበረች፤ አባል ከሆነች ገና ወሯ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቤ እየሄደች “እማማ፣ ይህን ነገር መሥራት የምችል ይመስለኛል” አለችኝ።

“ምኑን?”

“ማንም ሳይዘለል ለሁሉም የሚደርስ ጥሩምባ።”

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። እሷ መጀመሪያ ጋሽ ገብሬን ለምና ኮረብታው ላይ አወጣቻቸው። ጥሩምባው ሲነፋ ከዚህ ቤት እዚያ ቤት፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየዋጣት፣ “ተሰማ? እዚህስ?” እያለች ዞረች። ጋሽ ገብሬ ከዚያ ቀን በኋላ “ያቺ የደሴ ልጅ ትንፋሼን ጨረሰችው” ሲሉ ኖሩ። ቀጥሎ የሁሉንም ስልክ ጠየቀች። የአብዛኞቻችን የቁልፍ ስልክ ነው። የእኔ ደግሞ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ ነው። እሱን በእጇ አገላብጣ አየችና “ከዛሬ ጀምሮ ዳኛዬ ይህ ስልክ ነው” አለች።

“አሮጌ ነው እኮ።”

“ለዚህ ነው። በእኔ ስልክ ላይ የማይሠራ ነገር የለም፤ ስለዚህ የእኔ ስልክ ምንም አይነግረኝም። በእርስዎ ላይ ከሠራ በሁሉም ላይ ይሠራል።”

መጀመሪያ የሠራችው ቀላል ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ስልኩ ላይ ባለች አንዲት ገጽ ማን እንዳረፈና ቀብሩ መቼ እንደሆነ ይጽፋል፤ ቁልፉን ሲነካው ለአባላቱ ሁሉ መልእክት ይደርሳል። ከኮረብታው ጀርባ ያሉት ሰዎች ለቀብር መምጣት ጀመሩ። ስለ ጥሩምባ የሚነሣው ጭቅጭቅ ቀረ። ጋሽ ገብሬ አኩርፈው ከረሙ እንጂ ሌላው ሁሉ መረቀ። ግድግዳዬ ላይ “ለሁሉም እኩል” የሚል ወረቀት ነበር፤ ራሔል አንሥታ ወደ ቀኝ ወሰደችው።

ከዚያ የወርቄ ቀን መጣ።

ወርቄ ቆጮ ትሸጣለች። አንድ ልጅ ነበራት፣ ተስፋዬ፤ በሚዛን መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። የገበያ ቀን ነው። እኔና ራሔል ቡላ ልንገዛ ወርቄ ፊት ቆመናል፤ እሷ በኮባ ቅጠል ትጠቀልላለች። ድንገት ገበያው ውስጥ ስልኮች ጢጥ ጢጥ አሉ። የእኔም ጮኸ። እኔ መሠረተ ትምህርት ነው የጀመርኩት፤ ፊደል በፊደል ነው የማነበው። “የእትዬ ወርቄ ልጅ” እስከሚለው ደርሼ ቀና ስል ወርቄ መቀነቷን ፈትታ ስልኳን አውጥታለች። እሷ ማንበብ አትችልም።

ስልኩን ለራሔል ሰጠቻት። “አንቺ ልጅ፣ አንብቢልኝ። ምን ይላል?”

ራሔል ተቀበለች። አነበበች። እጇን ነው ያየሁት፤ ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም። በአውራ ጣቷ መልእክቱን ዘጋችው።

“የእድር ስብሰባ አለ ይላል፣ እትዬ ወርቄ።”

“ደግሞ ስብሰባ። እነዚህ ወንዶች ቤት የላቸውም?” አለች ወርቄ።

“ባትሪው ሊያልቅ ነው። ቻርጅ ላድርግልዎትና ነገ ላምጣው?” አለች ራሔል፤ መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወርቄ አጠገብ ተቀመጠች፤ ኮባ አነሣችና ቆጮ መጠቅለል ጀመረች።

ገባኝ። በእኛ አገር መርዶ ገበያ መሃል አይነገርም። እናት ቤቷ ገብታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ሽማግሌ ሄዶ በወጉ ነው የሚነገራት። እኔ ተነሥቼ ገበያውን ዞርኩ። ያነበበችውን ሁሉ በዓይኔ ያዝኳት። አንዲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየመጣች ነበር፤ መንገድ ላይ ያዝኳትና “ነጠላሽን አስተካክይ፤ ጎመን ግዢና ወደ ቤትሽ ሂጂ” አልኳት። ማንም አላለቀሰም። ያ ሁሉ ሰው ሞልቶት የዋለ ገበያ እንዴት ዝም እንዳለ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወርቄ ግን ደስ ብሏት ዋለች። ራሔል ኮባውን እያጣመመች ስትጠቀልል “እንዲህ አርገሽ ከጠቀለልሽ ባል አታገኚም” አለቻት።

“አስተምሩኝ እንጂ።”

“ተስፋዬ ሲመጣ አስተዋውቅሻለሁ። እሱም እንዳንቺ ቀጭን ነው፤ ሁለታችሁንም አንድ ላይ አበላችኋለሁ።”

“እሺ፣ እትዬ ወርቄ” አለች ራሔል።

እስከ ገበያ መፍቻ እንዲህ ሲጫወቱ ዋሉ። ራሔል የቀረውን ቆጮ ተሸክማ ቤቷ ድረስ አስገባቻት። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ራሔል ከደጅ ቆማ ነበር፤ የወርቄን ስልክ ጃኬቷ ውስጥ በእጇ ጨብጣዋለች። ጩኸቱ ሲሰማ አጥሩን ይዛ ተንበረከከች።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ቁጣው ሁሉ በጸሐፊው ላይ ነበር። ይባረር ተባለ። እኔም ይባረር ካሉት አንዷ ነኝ፤ አሁንም ቢሆን ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ማሰብ ነበረበት እላለሁ። ራሔል እጇን አውጥታ ተነሣች።

“ጸሐፊው የነካው እኔ የሠራሁትን ቁልፍ ነው። ‘ለሁሉም’ ይላል፤ ለሁሉም ላከ። የሐዘንተኛውን ቤት ለይቶ የሚያስቀርበት መንገድ አልሠራሁለትም።”

“ታዲያ አንቺን እንቅጣ?” አሉ ጋሽ ኃይሌ።

“ቅጡኝ። ግን እኔን ቀጥታችሁ፣ እሱን አባራችሁ ብቻ ከተበተናችሁ፣ ነገ ሌላ ጸሐፊ ያንኑ ቁልፍ ይነካል።”

“ጥፋት ባለቤት አለው” ብዬ ከመቀመጫዬ ተናገርኩ።

ወደ እኔ ዞረች። “አለው እማማ። ባለቤቱ ነው የሚያስተካክለው።”

ጸሐፊው አልተባረረም። እሷም እዚያው ፊታችን ስልኳን አወጣችና የሠራችውን አጠፋችው፤ ጋሽ ገብሬን “ጥሩምባዎትን ይመልሱልን፤ እኔ ገና ነኝ” አለቻቸው። እሳቸው ያኔ ነው ኩርፊያቸውን የተዉት።

የዚያ ሰሞን ኮምፒውተሯን አሳየችኝ። የለወጠችው ነገር ሁሉ፣ አንድ ፊደል እንኳ ብትሆን፣ በተራ ተቀምጧል። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ለምን እንደለወጠችው ይናገራል። የተሳሳተች እንደሆነ ወደፈለገችው ቦታ ትመለሳለች፤ የሚጠፋ ነገር የለም።

“መለወጡስ ይሁን፤ ምክንያቱን መጻፍ ምን ያደርግልሻል?”

“እኔ ባልኖር ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዳይቸገር ነው።”

“ወዴት ልትሄጂ?”

“ዝውውር አለ፣ ትዳር አለ፣ ስንት ነገር አለ እማማ” ብላ ሳቀች።

ወርቄ ከለቅሶ ስትወጣ ራሔል ስልኳን ልትመልስላት ሄደች፤ አብሬያት ነበርኩ። ሳትቀመጥ እውነቱን ነገረቻት፤ መልእክቱን የሚልከውን ነገር የሠራችው እሷ እንደሆነች፣ ስብሰባ ያለችውም ውሸት እንደነበር። ወርቄ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

“ያን ቀን ገበያ መሃል ብትነግሪኝ ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር” አለች። “ቆጮዬን ሸጥኩ። ሳቅሁ። ስለ ልጄ አወራሁልሽ፤ በሕይወት እንዳለ ሰው። ቤቴ ገብቼ ነው የሰማሁት።” ከዚያ ስልኩን ተቀብላ አገላበጠችው። “ይህ ማሽንሽ እንዳንቺ አንድ ቀን መዋሸት ይችላል?”

ራሔል አሰበች። “መዋሸት አላስተምረውም። ዝም ማለት ግን ይችላል።”

“እንግዲያው ዝም በይ በይው።”

ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳዬ ላይ “ለሁሉም እኩል” የሚለው ወረቀት ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰ። ከሥሩ በትንሹ “ለሐዘንተኛው በወጉ” ተብሎ ተጨምሮበታል።

ሁለተኛውን ለመሥራት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሽማግሌዎቹ ዘንድ እየሄደች መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠየቀች፤ ማን ይቀድማል፣ የሩቅ ዘመድ እስኪመጣ ይጠበቃል ወይ፣ የታመመ ሰው ቢሆንስ። ቤት ለቤት ዞራም ለአባሉ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ “ማን ሲያርፍ ሽማግሌ ይላክልዎት?” ሰው የሚመልሰው መልስ ያስገርም ነበር። ልጅና እናት ብቻ አይደለም፤ አንዱ የልጅነት ጓደኛውን አለ፣ አንዷ ያሳደገቻትን የጎረቤት ሴት። አንድ ሰው ሲያርፍ፣ በእሱ ምክንያት ሽማግሌ ይላክልን ያሉት ሰዎች ስልክ ዝም ይላል። ሽማግሌዎቹ ሄደው ነግረው “መርዶው ተነግሯል” የሚለውን ሲነኩ ብቻ ይከፈታል።

ወደ እኔ ቤት ስትመጣ የእኔን ከጠየቀች በኋላ “የአንቺስ መርዶ ለማን ይነገራል?” አልኳት።

“እናቴ ደሴ ናት፤ የእሷን የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል።”

“እዚህስ?”

ኮረሪማዋን መከካት ጀመረች።

“እኔን ጻፊኝ” አልኳት።

“እማማ፣ ከባድ ነገር ነው እኮ። በእኔ ምክንያት ሽማግሌ በርዎን ያንኳኳል ማለት ነው።”

“አውቄዋለሁ። በዕድሜም ቀድሜሽ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ምን ይከብደኛል? ጻፊኝ አልኩሽ እኮ።”

ጻፈችኝ።

ሲሞከር ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ለሙከራ ሟች ያስፈልጋል፤ ማን ሟች ይሁን? በሐሰት እንኳ ቢሆን ስሙ እንዲጠራ የሚፈልግ አልተገኘም። ጸሐፊው በዶሮ እንሞክር አለ። እኔ “ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ በስም ልፍራ? እኔን ግደዪኝ” አልኳት። ለሙከራ ብቻ ኮምፒውተሯ ውስጥ ከሰው የተለየ ቤት ሠርታለች፤ እዚያ የተላከ ወደ አባላቱ አይወጣም፤ የእኔን፣ የእሷንና የጸሐፊውን ስልክ ብቻ ይጠራል። እናም ስገባ ስወጣ እሞታለሁ። ጎመን እየከተፍኩ “ዛሬ ሞቻለሁ እንዴ?” እላለሁ። “አንዴ ሞተዋል፣ ሐዘንተኛ ያደረግሁት ስልክ ግን ዝም አላለም፤ ላስተካክለውና እንደገና ይሞታሉ” ትለኛለች።

አንድ ነገር በለወጠች ቁጥር የቀድሞውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ እንደገና እንዲፈትን አድርጋዋለች። ፈተናዎቹ ስም አላቸው። የመጀመሪያው “ወርቄ” ይባላል፤ የሐዘንተኛው ስልክ ዝም ማለቱን የሚያይ ነው። እሱ ወድቆ ቀይ ከሆነ ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ቢሆን እንኳ ምንም ወደ ሰው አይወጣም።

ማንበብ ለማይችሉት ሲባል ደግሞ ጽሑፉን ወደ ድምፅ ለወጠችው። ስልኩ ይደውላል፤ ሲነሣ መጀመሪያ የጋሽ ገብሬ ጥሩምባ ይነፋል፤ ይህን የጠየቁት እሳቸው አይደሉም፣ እሷ ናት ለምና የቀዳቻቸው። ከጥሩምባው በኋላ የሚናገር ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖም በአማርኛም። “የእርስዎን ድምፅ ሰው ይሰማዋል” አለችኝ። ሰርቪስ ቤቱን የዝናብ ድምፅ እንዳይገባ በብርድ ልብስ ሸፈነችው፤ እኔም ውስጥ ተቀምጬ “አርፈዋል” አልኩ፣ “ሐዘን ደርሷል” አልኩ፣ “ሰምተው ከሆነ አንድን ይጫኑ” አልኩ። ይቺን የመጨረሻዋን ያስገባቻት ለእኔ ስትል ነው። አንድን ያልተጫነ ሰው እንዳልሰማ ይቆጠራል፤ ያልሰማ ሰው ደግሞ አይቀጣም፣ እስኪሰማ ደጋግሞ ይደወልለታል። ደንቡ ላይም ተጻፈ። በዕድሜዬ ካሸነፍኳቸው ክርክሮች የምወደው እሱን ነው።

የአባላቱን ስም ሁሉ አንድ በአንድ መቅዳት ነበረብኝ። የእሷ ላይ ስንደርስ “የእኔን እንዝለለው፤ ነገ ዝውውር ቢመጣ ትርፍ ነው” አለች።

“ማንም አይዘለልም። አንቺስ አባል አይደለሽም? ድንኳን ስትሸከሚ አላየሁሽም?”

“እሺ እማማ።”

“ራሔል” አልኩ።

ሰማችውና ሳቀች። “ይህማ ቁጣ ነው። እራት ቀዘቀዘ ሲሉኝ እንደሚጠሩኝ ነው። እንደገና እንቅዳው?”

“እንዲህ ነው የምጠራሽ። ይቅር።”

ሥራው ሲያልቅ “ለሁሉም እኩል” የምትለዋን ወረቀት ወደ ቀኝ ያደረገችው እሷ አይደለችም፤ ወርቄን ጠርታ “እርስዎ ይውሰዷት” አለቻት። ከዚያ በኋላ የጎረቤት ከተማ የዋጫ እድሮች ሰምተው መጡ፤ የደካዎቹም። ደካ ኔትወርክ ቢጠፋ ጸሐፊው የጻፈው ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ኔትወርክ ሲመለስ እንዲወጣ አደረገችላቸው። ስንት እንክፈልሽ ሲሏት “ስትሳሳቱ ንገሩኝ፤ እሱ ይበቃኛል” ትላለች። ተማሪዎቿን እያመጣች እያንዳንዱን ነገር ለምን እንዳደረገችው ታስነብባቸው ነበር። ዛሬ የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው፤ አንድም ቀን አልቆመም።

ከዚያ ኩላሊቷን ታመመች። ለሰው አልነገረችም፤ እኔም ያወቅሁት ኮረሪማ መከካት ስትተው ነው። ጅማ ስትሄድ ኮምፒውተሯን እንደ መጀመሪያው ቀን ጃኬቷ ውስጥ አቅፋ ነበር የሄደችው።

እንግዲህ ያን ጠዋት ጋሽ ኃይሌ ነገሩኝ። ወደ ደሴም ለእናቷ ሽማግሌ እንዲሄድ አድርገው ነበር፤ ወንድሟም አስከሬኗን ሊወስድ ጅማ ገብቷል። ምን ብዬ እንዳለቀስኩ አላውቅም። ሴቶቹ ገቡ፤ ወርቄ መጥታ ከኋላዬ ያዘችኝ። ግቢዬ ውስጥ ድንኳን መትከል ተጀመረ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ድንኳን የሚተከለው ሐዘንተኛ ቤት ነው። ጻፊኝ ባልላት ኖሮ፣ እኔም ወሬውን እንደማንም ሰው በስልክ ሰምቼ፣ እንደ ለቀስተኛ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ሌላ ሰው ቤት እሄድ ነበር።

ጋሽ ኃይሌ ስልካቸውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። ከሥራቸው “መርዶው ተነግሯል” የሚለው ይቀራል። “እትዬ አየለች፣ ልንካው?”

ራሴን ነቀነቅሁ። ነኩት። ጠረጴዛው ላይ ስልኬ ጮኸ።

“አያንሡት፤ ይለፍ” አሉኝ። አነሣሁት። የጋሽ ገብሬ ጥሩምባ ተነፋ። ቀጥሎ የእኔው ድምፅ፣ በካፊኖኖ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ የእድራችን አባል አለ፤ ከዚያ “ራሔል” አለ፣ እራት እየቀዘቀዘ ከደጅ ሆኜ እንደምጠራት። ዓይኔ ወደ ሰርቪስ ቤቱ በር ሄደ። አርፈዋል አለ ድምፄ። ሰምተው ከሆነ አንድን ይጫኑ አለኝ።

አልተጫንኩም።

ያልሰማ ሰው እንደገና ይደወልለታል፤ ደንቡ የእኔ ነው። ከሰዓትም ደወለ። በማግስቱም ደወለ። ስልኩ ይጮሃል፤ አነሣለሁ፤ ጥሩምባው ይነፋል፤ እጠራታለሁ። ያጠፋልኝ የሚችል ተማሪዋ ድንኳኑ ውስጥ ነበረ፤ አጥፋልኝ አላልኩትም። ማንም ተጫኚ አላለኝም።

በሠልስቱ ቀን ሲደውል ወርቄ አጠገቤ ነበረች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና “አየለች፣ ሰምተሻል እኮ” አለችኝ።

አንድን ተጫንኩ።